ጥያቄ፦ ድሬጅ የሚሉት ብረት ወለሉ ላይ የሚቀሩትን ዛጎሎች ምን ያደርጋቸዋል?

ሐይቅ ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሐይቅ ከተማ ነው፤ አባቴም እኔም ከዚሁ ሐይቅ ዓሣ እያወጣን ነው የምንተዳደረው። ጥያቄዬ ግን ስለ ትልቁ ባሕር ነው።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ውስጥ ኒው ቤድፎርድ በሚባል የወደብ ከተማ የዛጎል ሥጋ በሚታሸግበት ቤት ይሠራል። ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ላከልኝ። ፊቱ የብረት ክፈፍ፣ ኋላው ከብረት ቀለበት የተያያዘ ከረጢት የሆነ ትልቅ ነገር ከመርከቡ ጎን በወፍራም የሽቦ ገመድ ተስቦ ይወጣል። ሲዘረግፉት ስካሎፕ የሚባለው ዛጎል፣ ድንጋይ፣ ኮከብ የመሰለ እንስሳ፣ አሸዋ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይፈስሳል። ድሬጅ ይባላል፣ የባሕሩን ወለል እየጎተተ ነው የሚሰበስበው አለኝ።

የወጣውን አየሁት። ያሳሰበኝ የቀረው ነው። ያ ብረት ባለፈበት ቦታ የተረፉት ዛጎሎች ይኖራሉ? ትንንሾቹስ ያድጋሉ? ወይስ እዚያው ይሞታሉ?

ለምን እንደምጠይቅ ልንገራችሁ። እኛም ዘንድ ከዳር ቆመው ረጅም መረብ እየሳቡ ወለሉን ጠርገው የሚያወጡ ሰዎች በዝተዋል። ስንናገራቸው «መጎተት ሐይቁን ያጸዳዋል እንጂ አይጎዳውም» ነው መልሳቸው። በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ስለዚህ ልናገር ነው፤ በሌላ አገር ወለል ሲጎተት የሆነውን ከሚያውቅ ሰው መስማት እፈልጋለሁ።

ቧንቧ ውሃ፦

እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። መሬት ካልተገለበጠ አይሰጥም። የባሕሩም ወለል ሲገለበጥ ከሥር ያለው ምግብ ወደ ላይ ይወጣል፣ ለዛጎሎቹም ይጠቅማቸዋል ብዬ ነው የማስበው። ፈረንጆቹስ ጉዳት ቢኖረው ይህን ሁሉ ዘመን ይጎትቱት ነበር?

የቦሩ ሜዳ ልጅ፦

ሐይቅ ዳር፣ አብሽር ወንድሜ፣ መጠየቅ ያለበትን ነው የጠየቅኸው። የአክስትህ ልጅ ባለበት ከተማ በስካሎፕ መርከብ ላይ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አሁን ዕድሜዬ ስለገፋ ወደብ ላይ ሆኜ የድሬጁን ከረጢት ከሚጠግኑት ጋር ነኝ፤ የተበላውን ቀለበት እየቆረጥን አዲስ እናስገባለን። ስለዚህ ይህን ብረት በደንብ አውቀዋለሁ።

የኛ አገር ድሬጅ፣ የኒው ቤድፎርዱን ማለቴ ነው፣ ስፋቱ 4 ሜትር ተኩል ያህል ነው። ባዶውን ወደ 2 ቶን ይመዝናል። ትልልቆቹ መርከቦች አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ አድርገው ሁለት ይጎትታሉ። ከክፈፉ ኋላ ወለሉን የሚጠርግ ሰንሰለት አለ፤ ስካሎፑ ከተኛበት ብድግ ሲል ከረጢቱ ይቀበለዋል። የቀለበቱ ስፋት ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲሆን ሕጉ ያዛል፤ ትንንሾቹ ሾልከው እንዲቀሩ ታስቦ ነው። እንግሊዝና ስኮትላንድ የሚጠቀሙበት ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው፤ ጠባብ ጠባብ ሆኖ በመደዳ የሚታሰር፣ አሸዋው ውስጥ ገባ ብሎ የሚተኛውን የነሱን ስካሎፕ ለማውጣት የብረት ጥርስ ያለው። ክላም የሚባለውን ሌላ ዛጎል የሚያወጡትማ ከዚህም ይብሳሉ፤ ክላም አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ስለሚኖር ከመርከቡ በቱቦ ውሃ በኃይል እየረጩ አሸዋውን አላልተው ነው የሚጎትቱት። ባለፈበት ቦይ ይቀራል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ከረጢቱ ሲዘረገፍ ትልልቁን ስካሎፕ እየመረጥን ወደ ቅርጫት እናስገባለን፣ የተረፈው በአካፋ ወደ ባሕር ይመለሳል። ከዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው «ተመለሰ፣ ተረፈ» ነው። ነገር ግን ስካሎፕ እንደሌላው ዛጎል ሁለቱን ክዳኖቹን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት አይችልም። የያዘው ውሃ ቶሎ ያልቅበታል። በበጋ፣ የመርከቡ ወለል በፀሐይ ሲግል፣ ትንሹ ስካሎፕ ክምሩ ውስጥ በቆየ ቁጥር የመኖር ዕድሉ ያንሳል። እኔ አለቃ ከሆንሁበት ጊዜ ጀምሮ ልጆቹን የማዛቸው መጀመሪያ ነገር ትንሹን ቶሎ መልሱት፣ እስከዚያውም ውሃ አርከፍክፉበት ነበር።

ከረጢቱ ውስጥ ሳይገባ ወለሉ ላይ የቀረውን ደግሞ እኛም አናየውም። ክፈፉ ወይም የተንከባለለ ድንጋይ ያገኘው ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ዛጎል ሽታው በውሃው ይሄዳል፤ ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ ሸርጣኑ፣ የባሕር ኮከቡ፣ ዓሣው ድሬጁ ያለፈበትን መስመር ተከትሎ ይመጣል። ያልተሰነጠቀውም ከቦታው ተፈንቅሎ፣ የተነሣው ደለል መተንፈሻ አካሉ ውስጥ ገብቶበት ይደክማል። መሸሽ አቅቶት የሚበላው ያኔ ነው።

ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያሳዝነኝ ግን የወለሉ ነገር ነው። የስካሎፕ ወንዱም ሴቷም ዘራቸውን ውሃ ውስጥ ይለቃሉ፤ የሚገናኘው እዚያ ነው። እናትና አባቱ እዚህና እዚያ ተራርቀው ከቀሩ ዘሩ ሳይገናኝ ይጠፋል። የተገናኘው ከወር በላይ በውሃው ሲንሳፈፍ ይቆይና ወደ ታች ይወርዳል። ሲወርድ የሚጣበቅበት ይፈልጋል፤ ጠጠር፣ የዛጎል ስብርባሪ፣ ወለሉ ላይ የበቀለች ነገር። ድሬጁ ደጋግሞ ያለፈበት ወለል ተደልድሎ፣ የበቀለው ተነቅሎ ይጠብቀዋል። ሕፃኑ ቤት አጣ ማለት ነው። የዘንድሮን ስካሎፕ ስታወጣ የዛሬ አምስት ዓመቱንም እየነካኸው ነው፤ ለመሸጥ የሚደርሰው ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ ነውና።

ቧንቧ ውሃ ወንድሜ፣ እርሻ ብለሃል። ገበሬ አርሶ ይዘራል፣ ዘሩ ላይ መልሶ ሞፈር አያስገባም። ድሬጅ የሚያርሰው የተዘራውን ነው፣ የሚዘራ ሰውም ከኋላው የለም። ሌሎቹም በዚህ ምሳሌ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ፤ ወደቡ ላይም ይባላል። እኔ አልቀበለውም።

ሐርቡ፦

ጥሩ ትምህርት ነው፣ አላህ ይስጥልን። ግን እኛ ይህን ዛጎል ክርስቲያኑ አይበላው፣ ከሙስሊሙም ብዙው አይበላው። የማንበላው እንስሳ ቢቀንስ ማንን ይጎዳል? የዓሣው ይሻላል፣ ስለሱ እንነጋገር።

መምህርት ከኮምቦልቻ፦

ሐርቡ፣ እኛ ባንበላውም የሚበላው ሞልቷል። በኔዘርላንድ ዳርቻ ዋደን የሚባል ሰፊ ጥልቀት የሌለው ባሕር አለ፤ ማዕበሉ ሲሸሽ ወለሉ ይገለጣል። በዚያ አሸዋ ውስጥ ኮክል የምትባል ትንሽ ዛጎል ትኖራለች፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መንገደኛ ወፎች የሚመገቡት እሷንና መሰሎቿን ነው። ኮክሏን በመሣሪያ እየመጠጡ ማውጣት ሲስፋፋ የተጎዳችው ዛጎሏ ብቻ አልነበረችም። ደቃቁ ጭቃ ከአሸዋው ታጥቦ ሄደ፤ አሸዋው ሻካራ ሲሆን ሕፃናቱ ዛጎሎች አልቀመጥበት አሉ። ተመራማሪዎች ግሪንድ የምትባል ደሴት አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1988 የተመጠጠውን ቦታ ሲከታተሉ፣ ወለሉና ዛጎሎቹ ወደ ነበሩበት ለመመለስ ስምንት ዓመት ያህል ፈጅቶባቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 እና 2000 መካከል በነበረው ክረምት አይደር የተባሉ ዳክዬዎች በሺዎች በረሃብ አለቁ፤ ኮክልና መስል የሚባለው ሌላ ዛጎል በማነሱ ነው። ከ2005 ጀምሮ የኔዘርላንድ መንግሥት በመሣሪያ ኮክል ማውጣቱን በዚያ ባሕር ላይ አቆመው። በእጅ መቆስቆሻ የሚያወጡት ግን ቀጥለዋል።

ሌላው የውሃው ንጽሕና ነው። ኦይስተር፣ መስል፣ ክላም የሚባሉት ዛጎሎች ምግባቸውን የሚያገኙት ውሃውን በመተንፈሻ አካላቸው እያጣሩ ነው። አንድ ጎልማሳ ኦይስተር በሚመች የሙቀት መጠን በቀን እስከ 190 ሊትር ያጣራል። እነሱ ሲነሡ ውሃው ይደፈርሳል፣ ብርሃን ወደ ታች አይደርስም፣ የዓሣ ጫጩት የሚጠለልበት ሣር ይደርቃል። ዓሣ ነው የሚሻለው ብለህ ነበር፤ ያው እዚሁ ደረስን።

የቦሩ ሜዳው ወንድማችን የተናገረው ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ወለል ሁሉ እኩል አይጎዳም። ማዕበልና ሞገድ ዘወትር የሚያገላብጠው አሸዋ ላይ የሚኖሩ እንስሳት መናወጥን ለምደውታል፤ ድሬጅ ካለፈ በኋላ በሳምንታትና በወራት የሚያገግም አለ። እንስሳቱ ራሳቸው ወለሉን የሠሩበት ቦታ ግን ሌላ ነው። ኒውዚላንድ ውስጥ ሃውራኪ የሚባል ባሕረ ሰላጤ አለ። አረንጓዴ ከንፈር ያለው መስል ወደ 500 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆን ወለል ተደራርቦ ሸፍኖት ነበር። ከ1910 አካባቢ ጀምሮ በድሬጅ ወጣ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ የሚወጣ ጠፋ፣ ሥራውም ቆመ። ከዚያ ወዲህ መስል ለማውጣት የጎተተ የለም፤ መስሉ ግን እስከ ዛሬ በራሱ አልተመለሰም። የመስል ሕፃን የሚጣበቀው መስል ላይ ነበረ፣ እሱ ደግሞ የለም። አሁን ሰዎች ከእርባታ እያመጡ ወለሉ ላይ እየበተኑ ለመመለስ እየጣሩ ነው።

ስኮትላንድ ደግሞ ሜርል የሚባል እንደ ድንጋይ የጠጠረ ቀይ የባሕር ተክል አለ፤ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም እድገቱ። የስካሎፕ ሕፃናት በጣም ይወዱታል። የስካሎፕ ድሬጅ ያለፈበት ሜርል አብዛኛው ሞቶ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ሲታይም የማገገም ምልክት አልነበረውም።

ዕድሜያቸውንም አስቡት። በሰሜን አትላንቲክ የሚኖር አንድ የክላም ዓይነት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ከአይስላንድ አጠገብ ከወጡት አንዱ፣ ክዳኑ ላይ ያለው የዓመት ቀለበት ሲቆጠር 507 ዓመት ሆኖት ተገኘ። እሱ ሲወለድ እኛ ዘንድ ግራኝ አልተነሣም ነበር። እንዲህ ቀስ ብሎ የሚያድግ እንስሳ እየጎተቱ ይተካል ማለት አይቻልም።

ቧንቧ ውሃ፦

መምህርት፣ እናመሰግናለን። የቦሩ ሜዳው ወንድሜ ግን አንድ ነገር ይመልስልኝ። ይህን ያህል የሚጎዳ ከሆነ ኒው ቤድፎርድ እስካሁን እንዴት ስካሎፕ ኖራት? ማለቅ አልነበረበትም?

የቦሩ ሜዳ ልጅ፦

ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር። እኔ ከመምጣቴ በፊት ነው፤ ሽማግሌዎቹ ሠራተኞች ሲተርኩት ግን ሰምቻለሁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ መርከብ በዝቶ፣ የሚወጣው ስካሎፕ እያነሰና እየደቀቀ ሄደ። ትንሹንም ትልቁንም ይጠርጉት ነበር፤ ካልወሰድሁት ሌላው ይወስደዋል በሚል።

እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1994 ጆርጅስ ባንክ በሚባለው ሰፊ የባሕር መደብ ላይና በአጠገቡ ሦስት ትልልቅ ቦታዎች ተዘጉ። ለስካሎፕ ተብሎ አልነበረም። ኮድ፣ ሃዶክና ቢጫ ጭራ የሚባሉት ዓሦች ተመናምነው ስለነበር እነሱን ለማዳን ነው። ድሬጅም በዚያው ተከለከለ። ሰዉ ተቆጣ፤ እንጀራችን ተዘጋ አለ። በአራተኛው ዓመት፣ በ1998፣ በተዘጋው ውስጥ የነበረው የስካሎፕ ክብደት 14 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ማንም እንቁላል አልበተነም፣ ማንም አልመገበው። ብረት ሳይነካው ስለቆየ ብቻ ነው፤ ትንሹ አደገ፣ ትልልቆቹ ተቀራርበው ቆይተው ዘራቸው ተገናኘ።

በ1999 ከተዘጋው ጥቂቱ በልክ ተከፈተ። ከ2004 ጀምሮ ማፈራረቁ ራሱ ደንብ ሆነ፦ ሕፃን ስካሎፕ የበዛበት ቦታ ይዘጋል፣ ሲደርስ ይከፈታል፣ ሌላው ይዘጋል። ቀለበቱ እንዲሰፋ የተደረገውም በዚያው ጊዜ ነው። በአንድ ትልቅ መርከብ ላይ የሚሳፈረው ሠራተኛ ቁጥርም ተገድቧል፤ ሥጋውን በቢላ የሚያወጣው እጅ ሲያንስ የሚጎተተውም ስለሚቀንስ። እኔ የሠራሁት ከዚህ በኋላ ነው። ልጆቼን ያሳደግሁት፣ ቦሩ ሜዳ የእናቴን ቤት ቆርቆሮ ያለበስሁት በዚያ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ሥራውን ልሳደብ አልችልም፣ አልፈልግምም። ድሬጅ የማያገኘው ቦታ ስላለ ነው ድሬጅ እስካሁን የሚሠራው፤ ይህን ከኔ በላይ የሚመሰክር የለም።

መምህርቷ ግን እውነቷን ነው። ጆርጅስ ባንክ ሞገዱ ኃይለኛ፣ ወለሉ አሸዋና ጠጠር ነው። መስል ተደራርቦ በሠራው ቦታ ላይ «ዘግተን ስንከፍት ይመለሳል» ብሎ ድሬጅ ማውረድ ጥፋት ነው። በእንግሊዝ ደቡብ ዳርቻ፣ «ላይም ቤይ» በሚባለው የባሕር ሰላጤ ውስጥ ከ200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነውን እ.ኤ.አ. በ2008 ለድሬጅና ለወለል ጎታች መረብ ለዘለቄታው ነው የዘጉት፤ ጠላቂ ሰው በእጁ ስካሎፕ ለቅሞ ማውጣት ግን ይችላል። ስካሎፑም፣ ወለሉ ላይ የሚበቅሉት ስስ ነገሮችም እየተመለሱ ነው።

ሐይቅ ዳር፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። መምህርት፣ አንቺም።

የኛን ነገር ልንገራችሁ። ሐይቁ ጥልቅ ነው፣ እስከ 88 ሜትር ይደርሳል ይባላል፤ ዓሣው የሚኖረው ግን ዳር ዳሩን ነው። አባቴ ቆሮሶ የሚራባበትን ቦታ ያውቀዋል። ውሃው ጠርቶ ሲውል ከታንኳው ላይ ጎንበስ ብሎ አሸዋው ላይ ያሉትን ክብ ክብ ጉድጓዶች ያሳየኝ ነበር፤ «ወንዱ ነው በአፉ የቆፈረው፣ በዚህ አትለፍ» ይለኛል። ያ ጎታች መረብ የሚሳበው በትክክል እዚያ ላይ ነው፤ ታችኛው ገመዱ በክብደት ወለሉን ነክቶ ነው የሚመጣው። ካለፈ በኋላ ጉድጓዱ የለም፣ ሣሩም ተነቅሎ ከመረቡ ጋር ዳር ይወጣል። አባቴን ያስለቀሰው ደግሞ ሴቷ ነች። ከመረቡ ሲያወጧት ጫጩቶቿን ከአፏ ትተፋቸዋለች፣ አሸዋው ላይ ይቀራሉ።

ቀንድ አውጣውና ትንንሹ ዛጎልም ከጭቃው ጋር ዳር ላይ ተቆልሎ ይደርቃል። እሱን እስከ ዛሬ ማንም ጉዳዬ ብሎት አያውቅም፤ እኔም የመምህርትን እስካነብ ድረስ ውሃውን ያጣራል ብዬ አላሰብሁም።

መምህርት ከኮምቦልቻ፦

አባትህ ያሳየህ ልክ ነው። የቆሮሶ ወንድ ጥልቀት በሌለው ውሃ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ሴቷ እንቁላሉን ጥላ ወዲያው በአፏ ትሰበስበውና እዚያው ታስፈለፍለዋለች። ሐይቃችሁ ጥልቀቱ ብዙ ስለሆነ ከታች ያለው ውሃ ኦክስጅን ያጥረዋል። እንግዲህ ለመራቢያ የሚሆነው ያ ጠባብ ዳር ብቻ ነው። ቆሮሶው ራሱ ከሌላ ቦታ መጥቶ የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሐይቁን የሞላው በዚያ ዳር ተራብቶ ነው። ቀንድ አውጣ ላይ አንድ ጥንቃቄ፦ ውሃ ውስጥ ያለው ቀንድ አውጣ አብዛኛው የበቀለውን አልጌ እየፋቀ ይበላል፤ እንደ ክላም የሚያጣራው ባለ ሁለት ክዳኑ ነው። ከቀንድ አውጣዎቹም ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፉ አሉ፤ በሽታው ከውሃው በቆዳ በኩል ስለሚገባ ልጆች ቀንድ አውጣ ባለበት ዳር ውሃው ውስጥ እንዳይገቡ።

ለስብሰባው፦ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 የሚባል አለ። ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ ስለ ማስገሪያ መሣሪያ የሚለውን አንብቡት፤ ከክልሉም ደንብ ጋር።

የቦሩ ሜዳ ልጅ፦

ሐይቅ ዳር፣ ከስብሰባው በፊት አባትህንና ሌሎቹን አዛውንቶች ይዘህ ዳር ዳሩን በታንኳ ዙር። ጉድጓዶቹ የሚበዙበትን እነሱ ያመልክቱህ፣ በወረቀት ሥራው። ሐይቁን በሙሉ ዝጉ ብለህ አትነሣ፤ ቤቱ ይበጠበጣል፣ ያ ጎታች መረብ ያለው ሰውም ልጆች አሉት። ከጉድጓዱ የበዛበትን አንዱን ዳር ምረጡ፣ በዚያ ወለል የሚነካ መረብ አይሳብ በሉ። ከአጠገቡ ያለው ለሁሉም ክፍት ይሁን። ከዚያ ከሁለቱ ቦታ የሚወጣውን ዓሣ መጠንና ርዝመት በደብተር ያዙ።

ኒው ቤድፎርድ ላይ አስጋሪዎቹን ያሳመናቸው ንግግር አልነበረም። ከ1999 ጀምሮ የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የዳርትመዝ ግቢ ተመራማሪዎች በአስጋሪዎቹ መርከብ እየሄዱ ካሜራ ወደ ወለሉ ያወርዱ ነበር። መርከቡንም ጊዜውንም የሰጡት ራሳቸው አስጋሪዎቹ ናቸው። ስካሎፑን በዓይናቸው ቆጠሩት። የሚከራከረውን ሰው አብረህ ቁጠር ብለህ ጋብዘው፤ ደብተሩን እሱ ይያዝ።

ሐርቡ፦

ስለ ቢልሃርዚያው አላወቅሁም ነበር፣ መምህርት። የወንድሜ ልጆች እዚያ ዳር ላይ ነው የሚውሉት፤ ዛሬውኑ እነግራቸዋለሁ። ሐይቅ ዳር፣ ዛጎሉን በተመለከተ ያልሁትን ትቼዋለሁ፣ ተከራክረህ አሸንፍ።

ቧንቧ ውሃ፦

ሐይቅ ዳር፣ የእህቴ ልጅ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚማረው፣ ሥነ ሕይወት። መምህሮቹ ለመስክ ሥራ ወደ ሐይቅ እንደሚወጡ ነግሮኛል። ውሃ ውስጥ የሚገባ ካሜራ አላቸው ወይ ብዬ እጠይቀዋለሁ። ስልክህን በውስጥ መስመር ላክልኝና ላገናኛችሁ። አዛውንቶቹን ይዘህ የምትዞርበትን ቀንም ንገረኝ፤ ከደሴ እመጣለሁ፣ መቅዘፍ እችላለሁ።